የሰባ ሁለት ሰዓት ርክክብ

ሰኔ 9 ቀን 2005፣ እሑድ

ለሚመለከተው ሁሉ። ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ፣ በልጄ በተገኝ ቤት ለስድስት ዓመታት በቅንነት ያገለገለው የዳቦ ቶስተር አንዲት ሰማያዊ ብልጭታ አሳይቶ ከዚህ ዓለም ድካም ማረፉን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ። የአሟሟቱ ሁኔታ በመጣራት ላይ ነው። ተጠርጣሪው እኔ ነኝ፤ አምባሻ በግድ ከትቼበት ነበር።

ይህን ቆሜ ሳነብላቸው የሳቀችው ሔቨን ብቻ ናት። የልጅ ልጄ ናት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ኮሌጅ ተዘግቶ ለሰመር ቤት ገብታለች። እናቷ መዓዛ ሆስፒታል የማታ ሥራ ላይ አድራ መምጣቷ ስለነበር በቁሟ ተኝታለች። ተገኝ አልሳቀም። ድሮ ባይስቅም «አባባ ደግሞ» ይል ነበር። አሁን ያቺም ቃል ቀረች። ከግንቦት 14 ወዲህ።

ሮቤል የሚባል ልጅ ነበር፤ ከተገኝ ጋር አንዲት ታክሲ በፈረቃ ይነዱ ነበር፣ ሮቤል ቀን፣ ተገኝ ማታ። ግንቦት 14 ፈረቃ ተለዋወጡ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የተሳፈረ ሰው ሮቤልን ተኩሶ ገደለው። ለምን እንደተለዋወጡ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

በማስታወቂያ ያላወጣሁት ዜና ደግሞ ይኸውና፦ ተገኝ ሽጉጥ ገዝቷል። መዓዛ «ለመከላከያ ነው አባባ፣ እዚህ አገር መብት ነው» አለችኝ፤ ይህን ስትል ግን ሳህን ታጥብ ነበር፣ ንጹሕ ሳህን።

ከቀብሩ ወዲህ ተገኝ ታክሲ አልነዳም። ቤታችንንም ሌባ ረግጦት አያውቅም።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

በችኮላ። ሔቨን ላይብረሪ ልታደርሰኝ መኪና አስነሥታለች። ለሰመር ኮርሷ ወረቀት ትጽፋለች። ርዕሱ፦ መሣሪያ የመያዝ መብት በአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንዴት እንዳደገ። «የዳዲን የሽጉጥ ሣጥን ሳላይ በፊት ነው የመረጥኩት» አለች። ሳልጠይቃት።

ክላክስ እያደረገች ነው።

ሰኔ 16፣ እሑድ

ልደታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ዳኛ አልነበርኩም፤ ዳኞቹ መዝገብ ሲጠፋባቸው የሚቆጡት ሰው ነበርኩ። ስለዚህ ሔቨን የሕግ ነገር ስታነብ ጆሮዬ ይቆማል። ዛሬ በረንዳ ላይ አስቀምጣ አስተማረችኝ።

«ሊስን ባባ፣ አንድ ሴንቴንስ ናት። በደንብ የተደራጀ ሚሊሽያ ለነጻ አገር ደኅንነት አስፈላጊ ስለሆነ፣ የሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብት አይጣስም።»

«መቼ ተጻፈች?»

«ሰቨንቲን ናይንቲ ዋን።»

«ይህን የጻፈውን ጸሐፊ እኔ መዝገብ ቤት አልቀጥረውም ነበር። መብቱ የሚሊሽያው ነው የሕዝቡ?»

«ዛትስ ዘ ሆል ክዌስችን ባባ! ጥያቄው እሱ ነው!» ብላ ጭኔን መታችኝ። አንተ ትለኛለች፣ ትመታኛለች፤ እዚህ የተወለደ ልጅ ነው፣ ችየዋለሁ።

ለረጅም ዘመን ፍርድ ቤቶቹ የፊተኛውን ግማሽ አጥብቀው ይዘው ኖሩ። በፈረንጆቹ 1939 በርሜሉ የተቆረጠ ጠመንጃ ጉዳይ ሲቀርብላቸው፣ ይህ ከሚሊሽያ ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል አሉ። በፈረንጆቹ 2008 ግን በዋሽንግተን አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሽጉጤን ቤቴ ላኑር ብሎ ተከራከረ። አምስት ለአራት ረታ፤ መብቱ የእያንዳንዱ ሰው ነው፣ ሚሊሽያ ባይሆንም፣ በተለይ በገዛ ቤቱ ውስጥ ራሱን ለመከላከል ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌባ ያስመረረው የሺካጎ ሽማግሌ መጣ፣ የኔ እኩያ። እሱም አምስት ለአራት። መብቱ ስቴቶችንና ከተሞችንም ያስራል ተባለ።

«ሁለቱም በአንድ ድምፅ ብልጫ?»

«ኢት ካውንትስ፣ ባባ። ያው ይቆጠራል።»

«በገዛ ቤቱ ውስጥ» የምትለዋን አስደገምኳት። አንድ ጥያቄ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። እሷም መልስ የነበራት መሰለኝ፤ ላፕቶፗን ከደነችው።

ተገኝ ጋራዡን ሲያጸዳ ዋለ። የመኪናውን፣ የቤቱን፣ የኢንሹራንሱን ወረቀት በየፖስታው አድርጎ በላያቸው በትልልቁ ጽፎባቸዋል። እንዲህ ሥርዓት ያለው ልጅ ሆኖ አያውቅም።

ሰኔ 23፣ እሑድ

የሮቤል አርባ። ዴንቨር፣ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ።

ከኋላዬ ሁለት ሰዎች፦ «እሱ እኮ ነበር ማታ የሚነዳው።» «ማን?» «ተገኝ። የዚያን ቀን ብቻ ነው የቀየረው።» «ለምን ቀየረ?» «እንጃ፣ ቤት መዋል አምሮት ይሆናል።»

ተገኝ ሳህን ይዞ ከፊታቸው ነበር። ሰምቷል።

የሮቤል እናት ወይዘሮ ጌጥነሽ አንገቱን አቅፋ፣ «አንተ እንኳ ተረፍክልኝ» አለችው። ያሙት ሰዎች ይሻሉ ነበር።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሬዲዮ እንኳ አልከፈተም። እኔ ስለ ቶስተሩ አርባ አንድ ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር። ዋጥኩት።

ሰኔ 30፣ እሑድ

ተገኝ የእጅ ሰዓቱን ሰጠኝ። «እኔ ስልክ አለኝ አባባ፣ እርስዎ ያድርጉት» አለ። እናቱ ያወረሰችው ሰዓት ነው።

አልቀበልም አልኩ፤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦት ሄደ።

መዓዛ ለሦስተኛ ጊዜ ሐኪም ጋ እንሂድ አለችው። «አበደ ልታስብይኝ?» አላት።

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ

ልጅ ሳለሁ አጎቴ ሞተ። አባቴ ገና እንባውን ሳይጠርግ ጎረቤቶች ገብተው ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረዱ፣ ዝናሩንም። ማንም አላስፈቀደውም፣ ማንም አላብራራለትም። ሐዘን ሰውን በገዛ ራሱ ላይ ያስነሣዋል ብለው ነው። አርባው ሲወጣ ከነወልወያው መለሱለት፣ እሱም ጠላ አጠጣቸው። ማን ወሰደ፣ በምን ሥልጣን፣ አልተባለም።

ስለዚህ ዛሬ ተገኝን ጠየቅሁት። ጋራዥ ውስጥ ነበር። «ያን ዕቃህን አውሰኝ፣ ሽማግሌም መታጠቅ ያምረዋል» አልኩት። ሳቀ። ሣጥኑን ሰጠኝና «አባባ፣ ያዙልኝ» አለ።

ጥሩ። በጣም ጥሩ። እንዲህ በቀላሉ አለቀ።

ጥይቶቹን የሞተው ቶስተር ሆድ ውስጥ ከተትኳቸው። ማንም የማይነካው ዕቃ እሱ ነው። የመቅበሩን ነገር ሁላችንም ለሌላው እየተውነው ነው።

ፊደሌ ዛሬ አያምርም። እርጅና።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ሣጥኑን እዚያው ቤት ውስጥ ማኖር አልችልም። መንሱር ሱቅ፣ ሃቫና መንገድ፣ ሦስታችን ተሰበሰብን፤ እኔ፣ የድሮ ጓደኞቼ መንሱርና በድሉ። መንሱር ረመዳን ይዟል። በድሉ ሆን ብሎ ፊቱ ሻይ ይጠጣል፣ ድምፅ እያሰማ ፉት እያለ።

«ያንተ ጾም ሲመጣ ጥብስ ነው የማመጣልህ» አለው መንሱር።

«ጉዳይ አለ» አልኩና ሣጥኑን አስቀመጥኩ። በድሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ተገኝን ከልጅነቱ ያውቁታል። ማብራራት አላስፈለገኝም፤ አገራችን አንድ ነው።

መንሱር ብቻ፣ «የክርስቲያን ሽጉጥ ሱቄ ውስጥ በረመዳን» አለ፤ እያለም መሳቢያ ይከፍት ነበር።

እኔ ግን የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፣ ሕጉን ሳላውቅ ዕቃ አላስረክብም። ሔቨን ጋ ደውዬ ስፒከር አደረግሁት።

«አንድ ሰው ሽጉጡን ጓደኛው እንዲያስቀምጥለት መስጠት ይችላል?»

«ማነው ሰውየው ባባ?»

«አንድ ሰው።»

«ዳዲ ነው?»

ሦስት ሽማግሌዎች የስኳር ኬሻ እናያለን። ከዚያ ከወረቀት እንደምታነብ ሆና፣ በማላውቀው ድምፅ ነገረችን። ከጁላይ አንድ ጀምሮ ኮሎራዶ ውስጥ መሣሪያ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ባክግራውንድ ቼክ፣ ማለትም የወንጀል ታሪክ ማጣራት፣ ያስፈልጋል። ቤተሰብ ለቤተሰብ ማዋስ ይችላል። ለሌላ ሰው ግን ያለ ቼክ ሰባ ሁለት ሰዓት ብቻ።

«ከዚያስ?»

«ይመለሳል። ለአንተ።»

«ከዚያስ?»

«እንደ አዲስ መስጠት ነው፣ አይ ጌስ።» ዘጋችው።

ቼኩን እንሙላ ብዬ ነበር። በድሉ፣ «ስሜ መዝገብ ላይ የሰፈረው አንድ ጊዜ ነው፣ ለስድስት ዓመት ከርቸሌ አስገባኝ» አለ። መንሱር፣ «መንሱር የሚባል ሰው ሽጉጥ ልረከብ ብሎ ፎርም ይሙላ? ኤፍቢአይን ለአፍጥር ልጥራቸው እንዴ?» አለ።

ስለዚህ፦ መንሱር ሦስት ቀን፣ በድሉ ሦስት ቀን፣ እኔ በመሃል ተረክቤ ማስረከብ። ዘጠኙ የዋሽንግተን ዳኞች አምስት ለአራት የሚከፋፈሉትን፣ እኛ ሦስታችን ያለ ልዩነት ወሰንን። የርክክብ መዝገብ ከፈትኩ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማ።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

እዚሁ ኦሮራ ሲኒማ ቤት ውስጥ ሰዎች በጥይት ከተገደሉ ዓመት ሞላ። ከተማው ሻማ ይዞ ወጥቷል። ሔቨን ሄዳ ነበር፤ የሟቾቹን ስም ሲያነቡ ሮቤልን በልቧ ጨመረችበት። እንዲያው ነገረችኝ።

ተገኝ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ገባ።

ርክክብ ተፈጽሟል፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። በድሉ ፈርሟል።

ሐምሌ 25፣ ሐሙስ

ርክክብ በሰዓቱ። በመሃል በድሉ አንድ ተራ ስለደገመ የዛሬ ተረካቢ መንሱር።

በድሉ ከሚኖርበት የሴት ልጁ ቤዝመንት፣ ከምድር ቤቱ፣ ወጥቶ ሣጥኑን ለመንሱር መኪና ሲያቀብል ነጭ ጓንት አድርጎ ነበር። «የአሻራ ነገር» አለ። የበረዶ ጊዜ ጓንት ነው። መንሱር መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሦስታችንም ምን እንደያዝን ትዝ አለን።

ነሐሴ 12፣ እሑድ

የዛሬውን በሙሉ እጽፈዋለሁ፤ ማንንም ሳላስውብ።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ባርኔጣዬን ሳላወልቅ ተገኝ ፊቴ ቆመ።

«አባባ፣ ዕቃዬን ይመልሱልኝ።»

«ሰዓትህን ከሆነ እጄ ላይ ነው፤ አሥር ደቂቃ ይቀድማል፣ ወደፊት የቸኮለ ሰዓት ነው።»

«አይቀልዱ።»

«ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።»

«በኔ ስም ነው የተገዛ። ቼክ ተደርጎልኝ፣ ንጹሕ ነህ ተብዬ። መብቴ ነው። ፖሊስ ብጠራ የሚይዘው እርስዎን ነው።»

«ጥራ። ካቴና ይዘው ሲመጡ የጨርቅ ሽፋን አላቸው ወይ በልልኝ፣ አጥንቴ ይቀዘቅዛል።»

ሔቨን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። ዞረባት። «አንቺ አይደለሽ የምታጠኚው? ንገሪያቸው። መብቱ የማነው?»

ልጅቷ አባቷን አየችው። መዋሸት ትችል ነበር፤ የኔ የልጅ ልጅ ሆና እንኳ አልዋሸችም።

«ያንተ ነው፣ ዳዲ» አለች። ከዚያ እንባዋ ወረደ። «ባት ፕሊዝ።»

ተገኝ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ በጓሮ በር ወጣ። እኔም ባርኔጣዬን እንዳደረግሁ ቀረሁ። ሁሉም ልክ ነበሩ። ሕጉ ልክ ነው፣ እሱ ልክ ነው፣ እሷ ልክ ናት። በዚያ ቤት ውስጥ ሥልጣን የሌለው ነገር የሚሠራ አንድ ሰው እኔ ነኝ፣ ምክንያቱንም በአፌ ለመጥራት የማልደፍር።

ሔቨን ወረቀቷን ባለፈው ወር አስረክባለች። ርዕሱን እንደቀየረችው ዛሬ ነገረችኝ። ስለ ሰባ ሁለት ሰዓቱ ነው የጻፈችው።

ነሐሴ 22፣ ረቡዕ

«ሌላ ቀን» ያልኩት ደርሷል።

ግንቦት 14 ተገኝን ስቀልድበት ነበር። «ሚስትህ መዓዛ ናት ወይስ ታክሲዋ? አንድ ማታ ብቻ ቤት ብታድር ታክሲዋ ትፈታሃለች?» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀና ሮቤል ጋ ደወለ።

አንድ ማታ ብቻ። ድንች ወጥ በላን፣ ካርታ ተጫወትን፣ አጭበርብሬ አሸነፍኩት።

ተገኝ ይህን አንድም ቀን አላነሣብኝም። ቢያነሣው እመርጥ ነበር።

ጳጉሜን 5፣ ማክሰኞ

ለዘመን መለወጫ ቤት ሲጸዳ መዓዛ አዲስ ቶስተር ገዝታ መጣች። አሮጌው የለም። በፒጃማ ወጥቼ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ገባሁ ማለት ይቻላል። ቶስተሩ ባዶ ነው።

ስመለስ መዓዛ በሩ ላይ ቆማለች። የካልሲ ጥቅልል ሰጠችኝ፤ ከባድ ነው፣ ይንኳኳል። «አባባ፣ ደኅና ቦታ ፈልጉላቸው» አለችና ገባች። ሁለት ወር ሙሉ እኔ ብቻ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

አዲሱን የመሣሪያ ሕግ ደግፈው ድምፅ ከሰጡ ሴናተሮች ሁለቱን ዛሬ መራጮች አነሧቸው። ሕጉ ግን አልተነሣም። የኛም ሰዓት እንዳለ ነው።

ዝናብ ጀምሯል።

መስከረም 2 ቀን 2006፣ ሐሙስ

ዝናቡ አላባራም። ኦሮራ ውስጥ መንገዶች ወንዝ ሆነዋል። በስድስት ሰዓት በድሉ ደወለ። «ቤዝመንቱ ውሃ ገብቶበታል፣ አልጋዬ ሊሄድ ነው። ዕቃውን ፍሪጅ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ደግሞ ሰባ ሁለቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ይሞላል።» መንሱር ሴንቴኒያል ከተማ፣ ቤቱ ነው፤ መውጣት አልቻለም።

ስዘጋ ተገኝ ከኋላዬ ነበር። የኮሮላውን ቁልፍ ይዟል። «እንሂድ» አለ። ከግንቦት ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ነድቶ አያውቅም።

በድሉ ቤት ውሃው ጉልበት ይደርሳል። ተገኝ ጫማውን አውልቆ ገባ። ፍራሹን፣ ሻንጣውን፣ የበድሉን የሠርግ ፎቶ ተሸክሞ አወጣ። በባልዲ ቀዳ፤ በድሉ በድስት፣ እኔ በጆግ። ከዚያ ፍሪጁ ዘንድ ደረሰና ሣጥኑን አየው። ወሰደው። ከፈተው። ዘጋው።

«ተራው የማን ነው?» አለ።

እንግዲህ ያውቅ ኖሯል።

«የመንሱር» አልኩ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መድረስ አለበት።»

«እኔ አደርሰዋለሁ።»

«አብሬህ ልምጣ።»

«እርስዎ ጋሽ በድሉን ያግዙ።»

በድሉን አየሁት። በድሉ ድስቱን አየ። ሦስተኛ ዳኛ አልነበረም።

«ሂድ» አልኩት። ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ከቀትር ጀምሮ ውሃ ሲቀዳ የነበረውን እጁን አይቼ ይሆናል።

በዘጠኝ ተኩል ወጣ። መንገዱ በደኅና ቀን ሃያ ደቂቃ ነው። በአሥር ሰዓት ደወልኩለት፣ አያነሣም። ጥይቱ ካልሲ ውስጥ፣ ካልሲው ፍራሼ ሥር ነው አልኩ ለራሴ። ግን እዚህ አገር ጥይት ከዓሣ መንጠቆ ጎን ይሸጣል። በአሥር ተኩል ደወልኩ። በድሉ «መንገድ ተዘግቶ ነው» አለ። አምስት ጊዜ ደገመው። በአሥራ አንድ ሰዓት ሰባ ሁለቱ ሞላ። ጆጉን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፣ ውሃውም ተመልሶ ይሞላ ጀመር።

አሥራ አንድ ከሃያ ላይ መንሱር ደወለ።

«ልጅህ እዚህ ነው። እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። ሦስት መንገድ ተዘግቶበት ዞሮ ዞሮ ነው የመጣ።»

«ሣጥኑስ?»

«ይዞታል። አሁን ሰጠኝ።»

«ምን አለ?»

«‹ጋሽ መንሱር፣ ያዙልኝ› አለ። ከዚያ ደረጃዬ ላይ ተቀምጦ ማልቀስ ጀመረ፣ አልተወም። ሻይ አስቀምጬለት ገባሁ። ብቻውን ይሻለዋል ብዬ፣ በመስኮት እያየሁት።»

ሃያ ደቂቃ ሕግ ጥሰናል። መዝገቡ ላይ እንዳለ አስፍሬዋለሁ።

መዓዛ ነገ ሐኪም ጋ ትወስደዋለች። እሺ አላለም፣ እምቢም አላለም።

አንድ እርማት። ይህን ደብተር ማንም ባያነበው እንኳ የመዝገብ ቤት ሰው የሐሰት ቃል ትቶ አይተኛም። ሐምሌ 3 ላይ ከጻፍኩት አንዱን ፈጥሬዋለሁ። ተገኝ አልሳቀም። ሣጥኑንም አልሰጠኝም። ጋራዥ የገባሁት ስለ ቶስተሩ ልቀልድበት ነበር። መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሣጥኑ ባዶ ነው። ከጎኑ ገብቼ ተቀመጥኩ። ጣቶቹን ከሽጉጡ ላይ አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው፤ አልታገለኝም፣ አላየኝም፣ አንዲት ቃል አልተናገረም። «አባባ፣ ያዙልኝ» የምትለዋን እኔ ነኝ የጻፍኩለት፤ እንዲላት ፈልጌ።

ዛሬ አላት።